የሞተር ክፍሎችን በእጅ ማለስለስና መወልወል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመኪናቸውን ሞተር ክፍሎች ያለ ማሽን፣ በብርጭቆ ወረቀትና በጨርቅ ብቻ ማንጸባረቅ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ከ120 እስከ 2000 ቁጥር ያላቸው በውሃ የሚሠሩ ጥቁር ብርጭቆ ወረቀቶች፣ አንድ ጠፍጣፋና አንድ ግማሽ ክብ ሞረድ፣ ባልዲ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ የብረት መወልወያ ክሬም፣ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይበቃሉ። ሞርሳ (ዕቃውን ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) ካለ ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን መንጋጋዎቹን በእንጨት ወይም በወፍራም ቆዳ ሳይሸፍኑ አሉሚኒየም አይሰሩበት፤ አንድ ጊዜ ጠበቅ ሲያደርጉት የተወው ጥርስ ለማጥፋት የግማሽ ቀን ልፋት ይጠይቃል።

ብዙዎች የሚረሱት ወረቀቱ የሚጠቀለልበትን ድጋፍ ነው። በጣት ብቻ ሲያሹ ግፊቱ ጣቶቹ ባሉበት ቦታ ይበረታና ብረቱ ላይ የማዕበል መልክ ያወጣል። ለጠፍጣፋ ቦታ ቁራጭ እንጨት፣ ለጎባጣ ቦታ ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ላስቲክ፣ ለጠባብ ጉድጓድ ደግሞ እርሳስ ወይም ክብ እንጨት ይጠቀሙ። የነጠላ ጫማው ሶል በመደብር ከሚሸጠው የላስቲክ ድጋፍ አያንስም፤ እኔ ከእርሱ ሌላ አላውቅም።

በብርጭቆ ወረቀቱ ጀርባ ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ እየደቀቀ ይሄዳል። በአውሮፓው ደረጃ የ80 ቁጥር ቅንጣት 200 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የ400 ወደ 35፣ የ1000 ወደ 18፣ የ2000 ደግሞ ወደ 10 ማይክሮን ይወርዳል። ይህ ደረጃ ከቁጥሩ በፊት «ፒ» የሚል የላቲን ፊደል አለው። ፊደሉ የሌለው ወረቀት ብዙ ጊዜ የአሜሪካኑን ደረጃ የተከተለ ነው፤ በሻካራዎቹ ቁጥሮች ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ በደቃቆቹ ግን ይራራቃሉ። የአሜሪካኑ 600 ከአውሮፓው 1200 ጋር ይተካከላል። ሁለቱን ሳያውቁ የሚቀላቅሉ ሰዎች ወደ ፊት የሄዱ መስሏቸው ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ሲገዙ ጥራቱን እዚያው ይፈትሹ። ሁለት ተመሳሳይ ወረቀቶችን ፊት ለፊት ሲያሻሹ ቅንጣቱ እንደ አሸዋ ከረገፈ አይግዙት። በውሃ ይሠራል የተባለውንም ቤት ወስደው ጠርዙን ለአሥር ደቂቃ ይንከሩት፤ ሙጫው ከለቀቀ ለእንጨት እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዲት የረገፈች ሻካራ ቅንጣት የሰዓታት ሥራ ታበላሻለች።

የትኛውን ክፍል መወልወል እችላለሁ? የትኛውን ልተው?

የምመራበት ደንብ አጭር ነው፦ ዓይን የሚያየውን ይወልውሉ፤ ሌላ ብረት፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክል ሽፋን) ወይም ዘይት የሚነካውን ይተዉ። የቫልቭ ክዳን የውጭ ፊት፣ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውጫዊ አካል፣ የቴርሞስታት ቤት፣ የዲናሞ መያዣ፣ ከናስ የተሠሩ የነዳጅና የውሃ ማገናኛዎች ለጀማሪ የተሰጡ ናቸው። ቢበላሹ እንኳ የሚበላሸው መልካቸው ብቻ ነው።

ክሮም የተነከረ ነገር በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። ክሮሙ እጅግ ስስ ስለሆነ ወዲያው ይገለጥና ሥሩ ያለው ኒኬልና ብረት ይወጣል፤ የሚነሣው ብናኝም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ብርማ ቀለም ያላቸውን ቡሎኖችና ዳዶዎችም ይተዉ፤ ያ ቀለም ከዝገት የሚጠብቃቸው የዚንክ ንክር ነው። ቡሎን አሽተው ያሳመሩ ሰዎች ከአንድ ክረምት በኋላ የዛገ ቡሎን ሲፈቱ አይቻለሁ።

ክፍሉ ከምን እንደተሠራ እንዴት አውቃለሁ?

ማግኔት ያስጠጉ። ከያዘ ብረት ወይም ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ብረት) ነው። ካልያዘ በእጅዎ ይመዝኑት፦ አሉሚኒየም በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 2.7 ግራም፣ ማግኒዚየም 1.74፣ ዚንክ ወደ 7፣ ናስ ደግሞ 8.5 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። አሉሚኒየም መስሎ ለመጠኑ የሚከብድ ካርቡራቶር ብዙ ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ከመጠኑ በላይ የሚቀል ክዳን ደግሞ ማግኒዚየም ሊሆን ይችላል።

በአሉሚኒየምና በማግኒዚየም መካከል የተጠራጠረ ሰው በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፍቆ አንድ ጠብታ ነጭ ኮምጣጤ ያድርግበት። ማግኒዚየም ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ከዚያ ቦታውን በውሃ ያጥቡት። ይህ ሙከራ ለምን ነፍስ አድን እንደሆነ ከታች፣ ስለ ቮልስዋገን ስናወራ ይታያል።

ከመጀመሬ በፊት እንዴት ላጽዳው?

ዘይት ያለበት ብረት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ማሳረፍ ወረቀት መጣል ነው። መጀመሪያ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ዘይቱን ያስለቅቁ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ በደንብ ያድርቁት። ቀዳዳዎቹንና የቡሎን ጥርሶቹን በወፍራም ፕላስተር ይሸፍኑ። ጨርቅ መወተፍ አልወድም፤ ክሩ ይቀራል፣ ሲያወጡትም የያዘውን ቅንጣት ወደ ውስጥ ያራግፋል።

ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጽጃ አሉሚኒየም ላይ አይድረስ። ለጊዜው ቆሻሻውን ጠራርጎ ስለሚያወጣ ያስደስታል፤ ነገር ግን ብረቱን ራሱን ይበላል፣ ያጠቁራል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝም ያወጣል። በአሮጌ መኪና ላይ የደረቀ ጓርኒሲዮን ካለም በደረቁ አያሹት፤ የድሮዎቹ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። አርጥበው በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሡት፣ ፍርፋሪውንም በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት።

አሠራሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው?

የቫልቭ ክዳንን እንውሰድ። በአሸዋ ቅርጽ የተጣለ አሉሚኒየም ከሆነ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥበጥ ያለ ነው፣ መሐሉ ላይም ቅርጹ የተጋጠመበት መስመር ይኖራል። መስመሩን በሞረድ ያንሡት። ከዚያ በፊት ሞረዱን በጠመኔ ቢያሹት የአሉሚኒየሙ ፍርፋሪ ጥርሶቹ መሐል አይጣበቅም፤ አሮጌ የቶርኖ ሠራተኞች ዛሬም የሚያደርጉት ነው። ቀጥሎ በ120 ወይም በ180 ቁጥር ይጀምሩ። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ወረቀት ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን ሰዓት መውሰድ አለበት። ጎርበጥባጣው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ሰው ጎርበጥባጣውን የሚያበራ እንጂ የሚያለሰልስ አይደለም።

ከዚያ ወደ 240፣ 400፣ 600፣ 1000፣ 1500 እና 2000 ይሂዱ። በእያንዳንዱ ቁጥር የማሻሸቱን አቅጣጫ ይለውጡ፤ በ240 ከግራ ወደ ቀኝ ከሄዱ በ400 ከላይ ወደ ታች ይሂዱ። አዲሱ ጭረት አሮጌውን ስለሚያቋርጠው የቀረ ካለ ጎልቶ ይታያል። እኔ በእያንዳንዱ ደረጃ ክፍሉን በእርሳስ ፍርግርግ አድርጌ አሰምረዋለሁ፤ እርሳሱ ያልጠፋበት ቦታ ወረቀቱ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ብርሃን ከጎን ይምጣ። ከራስ በላይ ያለ አምፖል ጭረት ይደብቃል፤ በማለዳ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ግን ምንም አይደብቅም።

ቁጥር በለወጡ ጊዜ ሁሉ ክፍሉን፣ እጅዎን፣ የላስቲክ ድጋፉንና ባልዲውን ይጠቡ፣ ውሃውን ይለውጡ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። 2000 ሲጨርሱ ብረቱ እንደ ጭጋጋማ መስታወት ይሆናል፣ የፊትዎን ጥላ ያያሉ፣ ዓይንዎን ግን አያዩም። ክሬሙን በጥጥ ጨርቅ ጥቂት አድርገው በትንንሽ ክብ እያሹ ይቀቡ። ጨርቁ ጥቁር ይሆናል፤ ክፍሉ ቆሽሾ ሳይሆን የተፋቀው የአሉሚኒየም ብናኝ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይድገሙት፣ ዓይንዎ ይመጣል።

ወረቀቱ ቶሎ እየደፈነ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ቅንጣቶቹ መሐል ይጣበቃል። እስከ 320 ባሉት ሻካራ ቁጥሮች ወረቀቱን በነጭ ጋዝ ያርጥቡ፣ ከዚያ በላይ ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውሃ ይጠቀሙ። ነጭ ጋዝ ሲጠቀሙ በር ይከፈት፣ ከሰልና ሲጋራም ይራቅ። ደግሞ አይጫኑ። ወረቀቱ የሚቆርጠው በቅንጣቱ እንጂ በክንድዎ ጉልበት አይደለም፤ ሲጫኑት ከመቁረጥ ይልቅ ብረቱን ይለጥፋል።

ብዙ ሰዓት ለፍቼ ስጨርስ የሚያብረቀርቅ ነገር ግን የተጫረ ሆነ። የት ተሳሳትኩ?

ከሦስቱ አንዱ ነው። ጭረቶቹ ብዙ፣ ቀጥ ያሉና ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ከሆኑ ከሻካራ ቁጥር የቀሩ ናቸው፤ ምናልባት ከ180 ወደ 600 ዘለዋል። ጥቂት፣ ጥልቅና ጠማማ ከሆኑ በባልዲው ውስጥ የቀረች ሻካራ ቅንጣት ናት። እንደ ጭስ የሚታይ ድብዝዝ ክብ ክብ ከሆነ ደግሞ ክሬሙን በቆሸሸ ጨርቅ ቀብተዋል።

ለመጀመሪያው መፍትሔ የሚሆነው መመለስ ነው፤ ወደ 320 ወይም ወደ 240። ክሬም ጨምሮ ማሸት አያድንም። ክሬም የ2000 ቁጥር ወረቀት የተወውን ጭረት ያጠፋል፣ በ180 ቁጥር የተቀደደን ግን ጠርዙን አድቦልቡሎ ይበልጥ እንዲታይ ያደርገዋል። መመለስ እንደሚያም አውቃለሁ፤ ሆኖም ተመልሶ ከታች መጀመር ከላይ ሆኖ ከመታገል ሁልጊዜ ይፈጥናል።

ብራሶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይሠራሉ?

ብራሶ ለናስ የታወቀ ነው፣ እስከ 2000 ለተለሰለሰ አሉሚኒየምም ያገለግላል። የጥርስ ሳሙና ደቃቅ ማሻሻ ስላለው ያበራል፣ ነገር ግን በጣም ደካማ ነው፤ የ1000 ቁጥርን ጭረት አይነካም። አመድ በቤታችን ለናስ ዕቃ የኖረ ነገር ነው፣ ለናስ ማገናኛም ይሆናል። አሉሚኒየም ላይ ግን እርጥብ አመድ አያሳድሩ፤ አልካሊ ስለሆነ ያደበዝዘዋል። ሎሚም ናስን በደቂቃ ያጠራዋል፤ ቶሎ ካልታጠበ ግን አሲዱ ዚንኩን እየበላ ቦታውን ወደ መዳብ ቀለም ያቀላዋል።

የዕቃ ማጠቢያ ሽቦን አሉሚኒየም ላይ አልመክርም። የሚሰባበረው የብረት ክር ለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ይሰካና እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። በምትኩ የናይሎን ማሻሻ ይጠቀሙ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? በድሪል ብሠራው አይሻልም?

አንድ መካከለኛ የቫልቭ ክዳን ከሻካራ ቀረጻ ተነሥቶ መስታወት እስኪሆን በእኔ እጅ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለት ቅዳሜዎች ማለት ነው። የቴርሞስታት ቤት ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

በድሪል ላይ የሚገጠም የጨርቅ መወልወያ በመጨረሻው ደረጃ ጊዜ ይቆጥባል። ለማለስለሱ ግን የእጅን ያህል የለም፤ ማሽን በአንድ ቦታ ሁለት ሰከንድ ሲቆይ ጎድጓዳ ይሠራል፣ ጠርዝ ያጠፋል፣ የተጻፈ የፋብሪካ ስም ይደመስሳል። እጅ ቀስ ስለሚል ስሕተቱም ቀስ ይላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ ሞተር ምትክ እየጠፋለት የሚሄድ ዕቃ ነው፤ ጠርዙ የጠፋ የመጀመሪያ ክፍል በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ሁሉ ቢዞሩ ላይገኝ ይችላል።

ብርሃኑ እንዲቆይ ምን ልቀባው?

እውነቱን ልንገርዎት፦ ምንም ነገር ለዘለቄታው አያቆየውም። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፣ ያ ሽፋን በእርጥበትና በሙቀት ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። የመኪና ሰም ብዙዎች ይቀባሉ፤ ካርናውባ የሚባለው ሰም ራሱ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ የሞተሩ ውሃ ግን በ90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ስለዚህ ሰም የሚጠቅመው ከሙቀት ራቅ ላሉ መያዣዎች ነው። ግልጽ ቫርኒሽ በበኩሉ በለሰለሰ ፊት ላይ በደንብ አይዝም፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይላጣል፣ ለማስለቀቅም ያስለፋል።

እኔ ምንም አልቀባም። በየሦስትና በየአራት ወሩ በክሬምና በጨርቅ ሩብ ሰዓት እወለውለዋለሁ፤ መሠረቱ በደንብ ከተለሰለሰ ብርሃኑ በቀላሉ ይመለሳል። የማይዝግ ብረት የጭስ ማውጫ ቧንቧ ቢወለወልም ሙቀት ሲያገኘው መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል። ያ ጉድለት አይደለም፤ ሙቀቱ በላዩ ላይ የሠራው የኦክሳይድ ሽፋን ቀለም ነው።

የማኒፎልዱንና የቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) የውስጥ መተላለፊያ እንደ መስታወት ብወለውለው ጉልበት ይጨምራል?

በአየር ማስገቢያው በኩል አይጨምርም፤ በካርቡራቶር ወይም በማኒፎልዱ ነዳጅ በሚረጭ ሞተር ላይ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። በዚያ መተላለፊያ የሚያልፈው አየር ብቻ አይደለም፣ የነዳጅ ጠብታም አለ። ጥቂት ሻካራ የሆነ ግድግዳ በላዩ ላይ ትንንሽ የአየር መታወክ ስለሚፈጥር ጠብታውን መልሶ ያነሣዋል፤ መስታወት በሆነ ግድግዳ ላይ ነዳጁ እንደ ላብ ይንጠፈጠፋል፣ በተለይ ሞተሩ ሳይሞቅ። እሽቅድምድም የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ጉልበት የሚያገኙት ከቅርጹ ነው፦ የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ ጋር ሳይዛነፍ መግጠሙ፣ ከቀረጻው የቀሩ ጉብታዎች መነሣታቸው። ግድግዳውን በ80 ወይም በ120 ቁጥር ትተውት ይሄዳሉ። በጭስ ማውጫው በኩል ግን ማለስለስ አይጎዳም፤ ጥቀርሻ የሚይዘውን ቦታ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ የሚበዛበት ምክንያት ይገባኛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ብርጭቆ ወረቀት አይመልሰውም። የካርቡራቶሩን ጂግለር (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) ለከፍታው የሚስማማ ማድረግና ካንዴላ የሚያቃጥልበትን ጊዜ በትክክል ማስተካከል ከአንድ ወር ውልወላ በላይ ይሰጣል።

በቴስታታው ፊት ላይ የተጣበቀውን ጓርኒሲዮን በብርጭቆ ወረቀት ላንሣው?

አያንሡት፤ በሚሽከረከር ማሻሻ ደግሞ በጭራሽ። የቴስታታው ፊት በብዙ ሞተሮች ላይ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ መዛነፍ አይፈቀድለትም፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ነው። እጅ ያንን አይለካም። ከብረት ንብርብር የተሠራው አዲሱ ዓይነት ጓርኒሲዮን ደግሞ የሚቀመጥበት ፊት ሻካራነቱ አንድ ማይክሮን እንኳ እንዳይሞላ ይፈልጋል። የፕላስቲክ መፋቂያ፣ የጓርኒሲዮን ማለስለሻ ፈሳሽና ትዕግሥት ይጠቀሙ። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና የውፍረት መለኪያ ቅጠል ይዘው ይፈትሹት፤ ከተዛነፈ ወደ ሬቲፊካ (የሞተር ክፍሎችን በማሽን ፍቆ ወደሚያስተካክል ቤት) ይውሰዱት።

ከመዛነፉ የሚብሰው ብናኙ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለመካኒኮቹ ባሰራጨው የቴክኒክ ማስታወቂያ ከእነዚህ ማሻሻዎች የሚረግፈው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ለስላሳ መቀመጫ) እንደሚያጠፋ አስጠንቅቋል። ይህ በእኔው ሞተር ላይ ደርሷል። አንድ ጋራዥ የቴስታታውን ፊት በሚሽከረከር ማሻሻ አሳምሮ ሰጠኝ፣ እንደ ብር ያበራ ነበር፣ አመሰገንኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ የዘይት መብራቱ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሲከፈት ብሮንዚናዎቹ በጥፍር የተቧጨሩ ይመስሉ ነበር። ስለ መታጠብ አጥብቄ የምናገረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሲሊንደሩን ግድግዳና ኮሎውንስ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ)?

የሲሊንደር ግድግዳ መስታወት ሲሆን በሽታ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ በ45 ዲግሪ ገደማ የሚቋረጡ ደቃቅ ጭረቶችን ይተውበታል፤ ዘይት የሚይዙት፣ አዲሱን ፋሻም (የፒስተኑን ቀለበት) ከግድግዳው ጋር የሚያስማሙት እነርሱ ናቸው። ያንን በ2000 ቁጥር የሚያጠፋ ሰው ዘይት የሚያጨስ ሞተር ይገጥማል።

ኮሎ ከብሮንዚናው ጋር ያለው ክፍተት በብዙ የቤት መኪኖች ከ0.025 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ነው። በመደርደሪያ ላይ ሲቆይ የያዘውን ቀላል የዝገት ጥላ በዘይት በራሰ 1000 ቁጥር ወረቀት፣ እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ጠቅልለው፣ በሁሉም በኩል እኩል ጊዜ እያሹ ማንሣት ይቻላል። ከዚህ በላይ የሆነ፣ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ካለ የማይክሮሜትርና የሬቲፊካ ሥራ ነው።

ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ሲወለወል ይጠነክራል የሚባለው እውነት ነው?

መሠረት አለው። ብረት ከድካም የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በፊቱ ላይ ካለ ጭረት ወይም ከቀረጻው ከቀረ ሹል መስመር ተነሥቶ ነው፤ ያንን መነሻ ማጥፋት የስብራቱን ዕድል ይቀንሳል። ነገር ግን ማሸት ያለበት በቢየላው ርዝመት ነው። በስፋቱ የተኛ ጭረት ኃይሉ የሚጎትትበትን አቅጣጫ አቋርጦ ስለሚቆም ስንጥቅ ይጋብዛል፤ በመጥፎ የተወለወለ ቢየላ ካልተወለወለው የባሰ ነው። አንዳንዱ ቢየላ ደግሞ በፋብሪካ በትንንሽ የብረት እንክብሎች ተደብድቦ ፊቱ ጠንክሯል፤ ማሸት ያንን ጥቅም ይፍቀዋል።

ለከተማ መኪና አላደርገውም። ለማድረግ የቆረጠ ሰው ብሮንዚና የሚገባበትን ቀዳዳ አይንካ፣ ሲጨርስም ሁሉንም ቢየላዎች በግራም ይመዝን። አንዱ ቀልሎ ሌላው ከብዶ ከተገጠመ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር አለኝ። ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

አዎ። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም የምናያት በአየር የምትቀዘቅዘው ቮልስ የሞተሯ አካል ማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ሙሉ ቁራጩ በእጅ ስላሹት አይቀጣጠልም፤ ደቃቅ ብናኙና ፍርፋሪው ግን በአንድ ፍንጣሪ ይነዳል፣ ከተቀጣጠለም ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያፍነው ደረቅ አሸዋ ነው። ከዚህም ሌላ የተራቆተ ማግኒዚየም በእርጥበት ነጭ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ያወጣል፣ ብርሃኑ ክረምት አይሻገርም። ስለዚህ አካሉን በናይሎን ብሩሽና በሳሙና አጽድተው ይተዉት። የሲሊንደሮቹን ክንፎችም አይነካኩ፤ ሥራቸው ሙቀት ማስለቀቅ ነው፣ የሚፈልጉትም በመሐላቸው አየር የሚዘጋ ጭቃና ዘይት እንዳይኖር ብቻ ነው። መወልወል የሚያምርዎት ከሆነ የናስ ማገናኛዎቿና ሁለት ቀዳዳ ባለው ቴስታታ ላይ የሚገጠሙት የአሉሚኒየም የማኒፎልድ ጫፎች አሉ።

ክፍሉን በቤንዚን አጥቤ ገጥሜዋለሁ። ብናኝ ቀርቶ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ፤ ምን ላድርግ?

ስጋትዎ ትክክል ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ዘይትን ያሟሟሉ፣ የማሻሻ ቅንጣትን ግን ከብረት ቀዳዳ አያወጡትም፤ የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ብዙ ሳሙናና ብሩሽ ነው። ሞተሩ ገና ካልተነሣ ይፍቱት። በሳሙና ይጠቡት፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ብሩሽ ይፈትጉ፣ በአየር ይንፉ፣ ብረት ከሆነ እንዳይዝግ ወዲያው ዘይት ይቀቡት። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በንጹሕ ዘይት ነክረው የውስጡን ፊት ይጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና ይጠቡ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ፣ አምስት ጊዜም ቢሆን።

ሞተሩ ተነሥቶ ከሆነ ያጥፉት፣ ገና ትኩስ እያለ ዘይቱን ያፍስሱ፣ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ አሮጌውን ፊልትሮ ሰንጥቀው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ይዘርጉት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ በአዲስ ዘይት ሃያ ደቂቃ አሠርተው እንደገና ይቀይሩ። የቮልስ ባለቤቶች ይህን በእጥፍ ያስቡበት፦ ከፋብሪካ የወጣችው ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው፤ ደቃቅ ቅንጣት ደግሞ በወንፊቱ አልፎ እየዞረ ይኖራል። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ሦስቴ ቢቀይሩት እንኳ ከአንድ ብሮንዚና ለውጥ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።